ሙቀቱ ለእኛ፣ ብርዱ ለጎረቤት

የልጅ ልጄ የተወለደችው ጊዜዋ ሳይደርስ ነው። ሐምሌ ነበር። ልጄ ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጣች፤ የመጀመሪያ ልጅ የሚታረሰው በእናት ቤት ነው። ሕፃኗን ስቀበል ከፎጣው ውስጥ ሰው ያለ አልመሰለኝም። "ቢስሚላህ" ብዬ ታቀፍኳት።

ነርሷ ስትሸኘን አጥብቃ የተናገረችው ሕፃኗ እንዳይበርዳትና ጭስ እንዳይነካት ነው። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ያለ ጭስ የሚሞቅ ቤት አይቼ አላውቅም ነበር።

ቤታችን ልደታ ነው፤ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ በጣም ከፍ ያለ። የሠራው ሰው ለምን እንዲያ እንዳስረዘመው አላህ ይወቅ፤ ያለችው ትንሽ ሙቀት እንኳ ላይ ወጥታ ትቀራለች። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል። ባለቤቴ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሱቅ አለው፤ ብርድ ልብስ ይሸጣል። ሰው ሥራውን ሲጠይቀው፣ "የቤቴን ብርድ አይቼ ነው የጀመርኩት" ይላል።

በሌላ ክረምት ከሰል እናነድድ ነበር። አሁን ከሰሉ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛን፤ በተሰካ ቁጥር ቆጣሪውን ይጥለዋል፤ ሳይጥለው ሲቀር ደግሞ አየሩን አድርቆ አራሷን ያስላታል። ባለቤቴ ከሱቁ ብርድ ልብስ አምጥቶ መስኮቱ ላይ ሰቀለ። የሕፃኗ እግር ግን እንደ ወንዝ ጠጠር ቀዝቃዛ ነበር። ነርሷ ያሳየቻትን ልጄ ታደርግ ነበር፤ ሕፃኗን ራቁቷን ደረቷ ላይ አድርጋ በጋቢ ትጠቀለላለች። እንደዚያው ሆና ትበላለች፣ እንደዚያው ሆና ታንቀላፋለች። ሲደክማት እኔ እቀበላታለሁ። የእኔ ደረት ግን አጥንት ነው። ቶሎ አይሞቅም።

የልጄ ባል በየሆቴሉና በየቢሮው አየር ማቀዝቀዣ ይገጥማል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመጣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ከፊቴ ቆመ።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልግጠምላችሁ።"

"ምን?"

"ኤሲ።"

"እሱ የሚያቀዘቅዘው አይደለም እንዴ?"

"ይሄኛው ያቀዘቅዛልም፣ ያሞቃልም።"

"አንድ ነገር ሁለቱንም ከሆነ በየትኛው ፊቱ ነው የማምነው?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዕቃው ኮርኒሱ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ሙቀቱ በላሜራ ቱቦ ወደ መኝታ ቤቱ እንደሚወርድ አስረዳኝ። ከታች የሚታየው አንድ ፍርግርግ ብቻ ነው።

"ማንም ሰው ማሽን እንዳለ አያውቅም" አለ።

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ባለቤቴን ደስ አሰኘችው። እኔን አስፈራችኝ።

"እንዲያ ከሆነ ይግባ" አለ ባለቤቴ። "ሰፈሩ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ 'እነሱ ማሽን ተከሉ' አይበሉኝ።"

"በጎ ነገር ከሆነ ለምን ይደበቃል?"

"አንቺ ደግሞ! ሽንት ቤትም ከዓይን ይደበቃል፤ ክፉ ነው?"

ማሽኑ አዲስ አልነበረም። ሰንጋ ተራ አንድ ሊፈርስ ያለ ሕንፃ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ነው። ባለሕንፃው አማቼ ሌላውን ዕቃ ሲያወርድለት ይሄን ለድካሙ ሰጠው። አማቼ የነገረኝ እንዲህ ነው።

"ወላሂ በለኝ" አልኩት።

"ወላሂ፣ ሐላል ነው እማዬ።"

አላመንኩትም አይባልም። ግን ለሕፃን የሚገባ ሙቀት ነው፤ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነበረብኝ። ባለቤቴን ወደ ሰንጋ ተራ ላክሁት። ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ።

"ምን አለህ?"

"ሰጥቼዋለሁ አለ። ሌላም ከፈለገ ይውሰድልኝ አለ።"

"ፊቱ እንዴት ነበር?"

"የሰው ፊት ነበር።"

የገጠሙት ቀን አማቼ አንድ የሥራ ጓደኛውን ይዞ መጣ። ማሽኑን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ሲያስገቡት ጀናዛ መሰለኝ። "አዑዙ ቢላህ" አልኩና አራሷን ወደ ሳሎን አወጣኋት። ኮርኒሱን ሲከፍቱት የስንት ዘመን አቧራ ወረደ። አይጥ ያከማቸችው የበቆሎ ቆረቆንዳም አብሮ ወረደ። "አየሽ" አለኝ ባለቤቴ፣ "ከእኛ በፊትም እዚያ ላይ የደበቀ ነበር።"

ማሽኑ ሌላ ግማሽ እንዳለው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ትልቅ የብረት ሣጥን ነው፤ ፊቱ ላይ ማራገቢያ አለው። እሱ ውጪ ይቀመጣል አሉኝ።

"ለምን ውጪ?"

"ሙቀቱን የሚያመጣው እሱ ነዋ" አለ አማቼ።

"ከየት?"

"ከውጪው አየር።"

"ውጪው እኮ ብርድ ነው።"

"ብርድም ውስጥ ሙቀት አለ እማዬ። ይሄ እሱን እየለቀመ ያስገባል።"

"ከበሬ ወተት ልታልብ ነው?"

"ያያሉ፤ ይታለባል።"

ሣጥኑን የት እናስቀምጠው ሲባል ባለቤቴ ቦታውን አስቀድሞ መርጦታል። በእኛና በጎረቤታችን ግድግዳ መካከል ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍበት ስርቻ አለ። አማቼ ስርቻውን አይቶ ራሱን አከከ።

"አባባ፣ እዚህ አየር አይበቃውም። የግቢው ፊት ለፊት ይሻላል።"

"ፊት ለፊት ከሆነማ ባንዲራም እንስቀልበት!"

አማች ከአማቱ ጋር አይከራከርም። ሣጥኑ ስርቻው ውስጥ ገባ። ባለቤቴ ከመግቢያው ላይ አሮጌ ቆርቆሮ አስደገፈ። ጨርሶ እጁን ሲያራግፍ አንድ ነገር እንደቀበረ ሰው ነበር።

ሲያበሩት ድምፅ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። እጄን ወደ ፍርግርጉ ዘረጋሁ። ለብ ያለ ነፋስ ነካኝ።

ነፋስ! ዕድሜዬን ሙሉ የመስኮት ስንጥቅ ላይ ጨርቅ ስወትፍ የኖርኩ ሴት፣ ታክሲ ውስጥ መስኮት ከተከፈተ የምወርድ ሴት፣ በገዛ ጣሪያዬ ነፋስ አስገብቼ አራስ ላይ ለቀቅሁ። ፍርግርጉ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ክሩ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ አየሁና አልጋውን ከዚያ አራቅሁት። ልጄ ከጋቢዋ ውስጥ አየችኝ።

"እማ፣ ሞቃት እኮ ነው።"

"ሞቃትም ቢሆን ነፋስ ነው።"

ከአጠገባቸው አልራቅሁም። አሸተትኩ፤ የሚሸት ነገር የለም። ጭስ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ይነግረኝ ነበር፤ ይህ ግን የማይታይ፣ የማይሸት፣ የማይሰማ ነገር ነው። እንደዚህ ያለ ነገር ደግሞ እኔ የማውቀው ወይ መልአክ ወይ ጂን ነው።

ሕፃኗ ግን እግሯ ሞቀ። ፊቷ ላይ ደም መጣ። ጡት መሳብ ሲያቅታት የነበረችው በርትታ መሳብ ጀመረች። "አልሐምዱሊላህ" አልኩ። ምስጋናው ለአላህ ነው፤ ማሽኑን ገና እያየሁት ነበር።

ስለ ጎረቤታችን አሁን ልናገር። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፣ ሰፊ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። የልደታን ደጅ ሳይሳለሙ አይውሉም። እኔ ሊነጋጋ ሲል ሱብሂ ለመስገድ ውዱእ ሳደርግ የእሳቸው በር ሲከፈት እሰማለሁ፤ በእኩል ሰዓት ነው የምንነቃው፣ ወደ ሁለት ቤት ነው የምንሄደው። ሥጋችን አይገናኝም። እሳታችን ግን አንድ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ መጀመሪያ ከሰል የምታቀጣጥለው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ጠዋት ጠዋት ስባሪ ገል ይዘው ይመጡና "እሳት ልጫር!" ይላሉ። ፍሙን እሰጣለሁ፣ የአፍታ ወሬ እናወራለን፣ ይሄዳሉ። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ማሽኑ ከገባ በኋላ የማድ ቤቱንም ከሰል ተውኩ። ምግቡንም በላምባ ምድጃ ማድ ቤት ነበር የምሠራው። ያ ጠዋት ግን እንደሚመጣ አላሰብኩም።

"እሳት ልጫር!"

በሩን ገርበብ አደረግሁት። "ዛሬ አላቀጣጠልኩም እትዬ።"

"አላቀጣጠልኩም? አራስ ቤት?"

"ሐኪም ከሰል ከልክሎን ነው።"

"ታዲያ በምን ትሞቃላችሁ?"

"በአላህ።"

"እሱስ ደግ" አሉ። "እኔም የምሞቀው በእመቤቴ ነው፤ ከሰል ግን ጣል አደርግበታለሁ።"

ይህን ሲሉ በበሩ ክፍተት የወጣው ሙቀት ፊታቸውን ነካው። ሲነካቸው አየሁ። ዓይናቸው ጠበበ፤ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። በሩን ወደ እኔ ሳብ አደረግሁት። እሳቸው ባዶውን ገል አይተው ሄዱ። የሸክላዋ ስባሪ ባዶ ስትሄድ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጠራጠርኳቸው። ሕፃኗን ለማየት ጠየቁ፤ ሐኪም ሰው ከልክሏል አልኩ፤ እውነትም ከልክሏል። ግን ዓይናቸውንም ፈርቼ ነበር። በሄዱ ቁጥር ሕፃኗ ላይ ከዓይን የሚጠብቀውን ቁል አዑዙ እቀራባት ነበር። ባለቤቴን መንገድ ላይ አስቁመው፣ "ቤታችሁ ውስጥ የሚያንጎራጉረው ምንድን ነው?" ብለውታል። ሌላ ቀን ደግሞ ከደጃቸው ተቀምጠው ወደ ጣሪያችን ሲያዩ አገኘኋቸው። ጭስ እየፈለጉ እንደሆነ ገባኝ። ቀበሌ ሄደው ይናገሩ ይሆን? ከሰው ፊት ምን እያሉን ይሆን? ባለቤቴ፣ "ቀንተው ነው" አለ። ባያውቁት ነገር እንዴት ይቀናሉ ብዬ አልጠየቅሁትም።

የሌሊቱ ብርድ ሲብስ ጠዋት ጠዋት በግድግዳው በኩል ሳል እሰማ ጀመር። ደረቅ ሳል ነው። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ በአጥሩ ላይ ተጣሩ።

"አንቺ! እዚህ ስርቻ ውስጥ ምን አስቀመጣችሁ?"

"አሮጌ ቆርቆሮ ነው እትዬ።"

"ቆርቆሮ ያጉረመርማል እንዴ?"

"ነፋስ ሲነካው ይሆናል።"

"ነፋሱስ ከየት መጣ?" አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ነው ጠበሉ የመጣው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ልጄ ሕፃኗን ታጠባለች፤ እኔ ምስር እለቅማለሁ። ከስርቻው ወገን ውኃ በቆርቆሮ ላይ ሲረጭ ተሰማ። ቀጥሎ "በስመ አብ" የሚል ድምፅ መጣ። ደግሞ ውኃ። ደግሞ "በስመ አብ"።

ልጄ ሳቋን መያዝ አቃታት። "እማ፣ ጠበል እየተረጨን ነው።"

እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ሰው ጠበል የሚረጨው የሚፈራው ነገር ሲኖር ነው። እትዬን ሳውቃቸው የማይፈሩ ሴት ናቸው። ምስሩን አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ዞሬ በእኛ በኩል ወዳለው መግቢያ ሄድኩ። ቆርቆሮውን ገፋ አድርጌ በጎኔ ገባሁ። ማራገቢያው ይዞራል። እጄን ከፊቱ ዘረጋሁና መልሼ ሳብኩት። የሐምሌ ሌሊት ብርድ እንኳ እንደዚያ አይነክስም። ከጀርባው ያለው ብረት ላይ አመዳይ ይዟል። ነፋሱ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ጎረቤቴ ግድግዳ ነው። ምርጊቱ ረጥቦ አብጧል፤ አንዳንድ ቦታ ተልጦ ጭዱ ወጥቷል።

ቤታቸውን አውቀዋለሁ። ከዚያ ግድግዳ ማዶ የአልጋቸው ራስጌ ነው።

አማቼ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቅሁት።

"ሙቀቱ ከየት ነው የሚመጣው አልከኝ?"

"ከውጪው አየር።"

"ሙቀቱ ከአየሩ ከወጣ አየሩ ምን ይሆናል?"

"ይቀዘቅዛል።"

"ቀዝቅዞስ ወዴት ይሄዳል?"

መሬት መሬት አየ። "አባባ እዚያ ይሁን ብለው እኮ ነው" አለ በዝግታ። "ቦታው ለማሽኑም አይበጀውም። የራሱን ብርድ መልሶ እየሳበ ነው።"

ባለቤቴ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "አየር የአላህ ነው። የማንንም አልሰረቅንም" አለ።

"ሙቀቱ የአላህ ነው" አልኩ። "ብርዱን ግን እዚያ ያስቀመጥነው እኛ ነን።"

አባቴ ወሎ ሳለን ያስተማረኝን አስታወስኩ። ጎረቤት ውኃ፣ ጨው፣ እሳት አይከለከልም። እኛ እሳቱን ከለከልናቸው። ይህ አልበቃ ብሎ ብርድ ሰጠናቸው።

ወደ መኝታ ቤቱ ገባሁና ማብሪያው ላይ እጄን አደረግሁ። ቀይዋ ክር ትወዛወዛለች። ሕፃኗ እጇን ከጨርቁ አውጥታ ተኝታለች፤ ስትመጣ እጇን ማውጣት የምትችል አልነበረችም። እጄን ከማብሪያው አነሣሁ። መልሼ አደረግሁ። አጥፍቼው ሌሊቱን ብትቀዘቅዝስ? ነርሷ እንዲህ ያለ ሕፃን ሲበርደው አያለቅስም፣ ዝም ነው የሚለው ብላናለች። አላጠፋሁትም። ያን ቀን ሶላቴ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ የጠየቅሁት ግን አጭር ነበር።

"ይነሣ" አልኩ ለባለቤቴ። "ፊት ለፊት ይሁን።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ሰው እያለ ነው። ጠበል እስኪረጭብን ድረስ።"

ተነሥቶ ወጣ። ተቆጥቶ ይሁን አፍሮ አልለየሁም።

በማግስቱ ማድ ቤት ከሰል አቀጣጠልኩ። ፍሙን በሸክላ ስባሪ አድርጌ እኔው ራሴ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት እሳቱን ነው፤ ቀጥሎ እኔን።

"ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?" አሉ።

ገባሁ። የአልጋቸው ራስጌ ግድግዳ ጥቁር እርጥብ ነው። በላዩ ማዳበሪያ ሰቅለውበታል፤ በማዳበሪያው ላይ የእመቤታችንን ሥዕል። ፍሙን ምድጃቸው ውስጥ አድርጌ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ብዙ መናገር አላውቅም፤ ቶሎ አለቀ።

እየተጠራጠሩ አዩኝ። "ማሽን ነው?"

"ማሽን ነው።"

"ሰይጣን አይደለም?"

"አይደለም እትዬ።"

"እኔ እኮ አንድ ጀሪካን ጠበል ነው የጨረስኩበት! ልደታን!"

"ሰምተናል።"

"እንግዲያ ተጠምቋል በይኛ። ከእናንተ ቤት አንድ ክርስቲያን አገኘን።"

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁና ሳሉ። ሳሉ ሲለቃቸው ፊታቸው ተለወጠ።

"አንቺ" አሉኝ፣ "እኔ ብርዱ አይደለም የከበደኝ። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ የሕፃን ልቅሶ አልሰማም፣ አንቺ በሩን ገርበብ አድርገሽ ነው የምታናግሪኝ። ሕፃኗ አልፋለች ብዬ ነበር። አልፋ ደብቃችሁኛል ብዬ፣ ብቻዬን አልቅሻለሁ።"

እኔ ዓይናቸውን ስፈራ እሳቸው በዚያ ዓይን ያለቅሱ ነበር።

"ድምፅዋ ትንሽ ስለሆነ ነው" አልኩ። "አለች። ይምጡና ይዩዋት።"

"መጀመሪያ ማሽናችሁን አንሡ።"

ማንሣቱ ቀላል አልነበረም። ጋዙን መሰብሰብ፣ የመዳብ ቱቦውን ማርዘም፣ ብረት ማሰሪያ መበየድ አለበት። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ይጠፋል አለ አማቼ። ዝናብ የማይጥልበትን ቀን ብንጠብቅ ነሐሴም ያልቃል፤ ቀን ቆርጠን ተነሣን። እንደፈራሁትም ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ማሽኑ ሲጠፋ ቀይዋ ክር ቀጥ ብላ ቆመች። ጥቂት ቆይቶ ክፍሉ እንደ ድሮው ሆነ። ልጄ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ ተጠቀለለች፤ እሷ ራሷ ግን ሌሊቱን አልተኛችም፤ ከንፈሯ ደርቋል። እኔ ልቀበላት ብዬ ቀሚሴን ስፈታ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ናቸው። ዝናብ ከነጠላቸው ላይ እያራገፉ ገቡ። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ በምድጃ ያሞቁትን ፎጣ ከብብታቸው አውጥተው እጃቸውን አደረቁበት። ከዚያ አልጋው ላይ ተደግፈው ተቀመጡና የቀሚሳቸውን ደረት ከፈቱ።

"በሉ አምጧት" አሉ።

ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ እትዬ ደረት አየሁ። ሰፊ ነው፤ ሕፃኗ ብትተኛበት ቦታ ይተርፋል። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። እጄ ሕፃኗን ሲሰጥ ትንሽ አመነታ፤ ልቤ እስከ መጨረሻው ጠርጣራ ነው። ሰጠሁ። ሕፃኗ ጉንጯን ማተቡ ላይ አሳርፋ ዝም አለች። ጋቢውን ደረብኩባቸው።

"የእኔ ማሽን መብራት አይፈልግም" አሉ እትዬ። "ድምፅም የለው።"

ድምፅ የለውም ያሉት ውሸት ነበር። ወዲያው አንኮራፉ። ልጄም ወደ ግድግዳው ዞራ እንቅልፍ ወሰዳት። ውጪ መዶሻ ይመታል፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ባለቤቴ "ወደ ግራ! ወደ ግራ!" ይላል። እኔ ከአልጋው ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ዝምታዋ አላማረኝም። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲበርደው አያለቅስም። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁና እጄን በጋቢው ሥር አስገባሁ። እግሯን ፈለግሁ።

ሞቃት ነበር። በማሽኑ ጊዜ ከነበረውም ይልቅ ሞቃት ነበር።

እትዬ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። "ምን ትነካኪያለሽ? እምነት የለሽም?"

"አለኝ እትዬ።"

"ታዲያ እጅሽ ቀዝቃዛ ነው፤ አውጪው።"

አወጣሁት። "አልሐምዱሊላህ" ስል "አሜን" አሉና መልሰው አንኮራፉ።

ማሽኑ አሁን የግቢያችን በር አጠገብ በብረት ማሰሪያ ላይ ተቀምጧል። መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። ብርዱን የሚተፋው ወደ ባዶው መንገድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው እየቆመ ባለቤቴን ይጠይቀው ነበር። "አዲስ ዓይነት ብርድ ልብስ ነው" ይላቸዋል። አፍሮ የነበረው ሰው ወሬውን ወደደው። ዝናቡ ሲያባራ እሱና አማቼ ጭቃና ጭድ አቡክተው የእትዬን ግድግዳ መረጉ። እትዬ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ያዝዙ ነበር፤ "እዚያ ጋ አቅጥነኸዋል!" ይሉታል ባለቤቴን። የእኔ ባል ከእኔ ሌላ ሴት ስታዝዘው ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሕፃኗ አድጋለች። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ሹራብ አልለብስም ብላ ትጨቀጭቀናለች።

እኔ ማሽኑን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። በክረምት እጄን ከፍርግርጉ ሥር ሳልዘረጋ አልቀመጥም። ክሯም ቀለሟ ለቀቀ እንጂ አልተፈታችም። ጠዋት ግን ከሱብሂ ሶላት በኋላ ማድ ቤት ገብቼ ከሰል አቀጣጥላለሁ። ቤቴ አያስፈልገውም። ፍሙ ቀይ እስኪሆን አጠገቡ እቀመጣለሁ። እትዬ አሁን በምርኩዝ ነው የሚመጡት፤ ገሉን በሌላው እጃቸው ይይዛሉ። በበሩ በኩል ሲያልፉ ማሽኑን በምርኩዛቸው ቸብ ያደርጉታል።

"ክርስቲያኑ ደኅና አደረ?"

"ደኅና አደረ እትዬ።"

"በይ እሳት ልጫር።"